«ልዩነቱ ምንድነው?» ስትለኝ



ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ስልኬ ሞተ። ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፍቶ አወጣው። ሪያድ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ በኢሞ ደውላ «ወደ አገር የምትገባ ጓደኛ አለችኝ፣ በእሷ እልክልሃለሁ፤ የትኛውን እንደምትፈልግ ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። እኔም ሳላቅማማ «ሬድሚ ኖት 13 ፕሮ» አልኳት። ሱቅ ሄዳ ጠየቀች። በማግስቱ ደወለችና «ወንድምዓለም፣ ፕሮ የማይለውም አለ። ፕሮ የሚለው ወደድ ይላል። ልዩነቱ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ሰርኪዩት አሰላለሁ፣ ስለ ፕሮሰሰር ተፈትኜ አልፌያለሁ። ለእህቴ ጥያቄ የነበረኝ መልስ ግን «ፕሮው ይሻላል» የሚል ብቻ ነበር። «በምን?» አለች። «በሁሉም ነገር» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ ዘጋችው።

ያን «አንተ ካልክ» ይዤ ነው ያደርኩት። በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለው ልዩነት ከወር ደመወዟ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። እሷ ትምህርቷን አቋርጣ ስትሄድ እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የሄደችውም እኛ እንድንማር ነው። እና ያ የተማረው ወንድሟ፣ ባላጣራው ነገር ላይ «በሁሉም» ብሎ መስክሮ ሊያስከፍላት ነው። ሰው ዘንድ ውሸት ባይባልም እኔ ግን አልቀለለኝም። ከኢሻ በኋላ ተቀምጬ የሁለቱን ስልኮች መግለጫ ጎን ለጎን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአብዛኞቻችን ፕሮ ያልሆነው ይበቃል። ፕሮው የሚገባን ምክንያቱን ለከፋዩ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ስንችል ብቻ ነው። «ይሻላል» ደግሞ ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ የገረመኝ ስሙ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ለዓለም ገበያ የቀረበው የኖት 13 ቤተሰብ አንድና ሁለት ሳይሆን አምስት ስልክ ነው። ኖት 13 አለ፣ ኖት 13 5ጂ አለ፣ ኖት 13 ፕሮ አለ፣ ኖት 13 ፕሮ 5ጂ አለ፣ ከላይ ደግሞ ፕሮ ፕላስ አለ። 5ጂ የማይለው ፕሮ ውስጡ ሄሊዮ ጂ99 አልትራ የተባለ የሚዲያቴክ ቺፕ ነው፤ 5ጂ የሚለው ፕሮ ግን ስናፕድራጎን 7ኤስ ጄን 2 የተባለ የኳልኮም ቺፕ ነው፣ ስክሪኑም ይበልጥ ጥራት ያለው ሌላ ስክሪን ነው። ስለዚህ አንዱ የዶርም ልጅ «ፕሮ ይዣለሁ» ሲል፣ ሌላው «እኔም ፕሮ ነው» ሲል፣ የያዙት አንድ ዓይነት ስልክ ላይሆን ይችላል። እኔ ራሴ ለእህቴ «ፕሮ» ስላት የትኛውን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ይብሳል። በ2023 የወጣው 5ጂ የሌለው ኖት 12 ፕሮ፣ በ2021 በኖት 10 ፕሮ ውስጥ የነበረውን ያንኑ ስናፕድራጎን 732ጂ ቺፕ ይዞ ነው የመጣው። በዚያው ዓመት የወጣው ተራው ኖት 12 ግን አዲስ፣ በ6 ናኖሜትር የተሠራ ቺፕ ነበረው። አሮጌው ቺፕ ቀርፋፋ ነው ማለቴ አይደለም፤ በአንዳንድ ሥራ እንዲያውም ይፈጥናል። ለማለት የፈለግኩት ፕሮ የሚለው ቃል በሜትርም በኪሎም የማይለካ መሆኑን ነው። ሻጩ በየዓመቱ የፈለገውን ይሞላበታል።

ይህን ሳነብ ከሰፈራችን መድረሳ የቀራሁት ኪታብ ትዝ አለኝ። አቡ ሹጃዕን የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የሽያጩ ምዕራፍ የሚሸጠውን ነገር የሚለየው በዓይን የታየ ነው ወይስ በባሕርዩ ተገልጾ ኃላፊነት የተወሰደበት ነው ወይስ ያልታየና የራቀ ነው እያለ ነው። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስለ ስንዴና ስለ ግመል የተጻፈ መስሎኝ እንቅልፌን እየታገልኩ ነበር የምሰማው። ኡስታዛችን «ሲፋውን ሳታውቅ አትግዛ» እያለ ይደጋግም ነበር። ሲፋ ማለት እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስፔሲፊኬሽን ያልነው ነው። ሁለት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ሁለቱም አንድ ነገር አስተምረውኝ፣ እኔ ግን በስም ልገዛ ነበር።

ወደ ሲፋው እንግባ። የማወዳድረው ሁለቱን 5ጂ የሌላቸውን ነው፤ እህቴ ሱቅ ያገኘቻቸው እነሱን ስለሆነ።

ስክሪናቸው የሁለቱም 6.67 ኢንች አሞሌድ፣ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ፣ 1080 በ2400 ፒክሰል ነው። ባትሪያቸው የሁለቱም 5000 ሚሊ አምፒር አወር። የፊት ካሜራቸው የሁለቱም 16 ሜጋፒክሰል። ሰፊ ማዕዘን የሚያነሳው የጀርባ ካሜራ የሁለቱም 8 ሜጋፒክሰል። የጣት አሻራው የሁለቱም ከስክሪኑ ሥር። ሁለቱም የወጡት በአንድሮይድ 13 ነው። ሁለቱም አይፒ54 ናቸው፤ ይህ ማለት የውሃ ፍንጣቂ ይችላሉ እንጂ ውሃ ውስጥ ይገባሉ ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ውዱእ ስታደርጉ ከደረት ኪስ አውጡት፤ ባለፈው ረመዳን አንድ ወንድማችን ስልኩን ባልዲ ውስጥ ሲያጣ አይተናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈጅር አላርም በሁለቱም እኩል ይጮኻል። መነሳቱ ነው የቸገረን።

የሚለያዩት በዋናነት በሦስት ነገር ነው፦ በካሜራ፣ በቺፕና በቻርጅ። የስክሪኑ መስታወትም የፕሮው ጠንከር ያለ ነው።

ካሜራው ላይ ብዙዎቻችን ስለምንሸነፍ ረዘም አድርጌ ልናገር። በካርቶኑ ላይ ለተራው 108፣ ለፕሮው 200 ሜጋፒክሰል ተብሎ ተጽፏል። ሰው ይህን ሲያይ ፎቶው እጥፍ የሚጠራ ይመስለዋል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ፒክሰሎቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የሚሰበስቡት ብርሃን ትንሽ ነው። ስለዚህ ስልኩ በተለመደው አሠራሩ ጎረቤት ፒክሰሎችን አሰባስቦ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። 108ቱ ዘጠኝ ዘጠኝ እየሆኑ ይደመራሉ፤ 108 ለ9 ሲካፈል 12 ነው። 200ው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት እየሆኑ ይደመራሉ፤ 200 ለ16 ሲካፈል 12.5 ነው። ቅንብሩን ካልቀየራችሁ በስተቀር ጋለሪያችሁ ውስጥ የሚገባው ፎቶ በአንደኛው 12፣ በሌላው 12 ተኩል ሜጋፒክሰል ነው። ያንን ደግሞ ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ስንልከው ይጨመቃል። ከፈለጋችሁ ሞክሩት፤ የፎቶውን ዝርዝር ክፈቱና ስፋቱን በቁመቱ አባዙ። እኔ ይህን ያደረግኩት በጓደኛዬ ፕሮ ላይ ነው፤ ልጁ እኔን ሳይሆን ስልኩን ነበር በቅሬታ ሲያይ የነበረው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ፕሮው እዚህ ላይ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ ብልጫው ግን ከቁጥሩ ላይ አይደለም። ሴንሰሩ በመጠን ይበልጣል፣ ብርሃን የሚቀበልበት ስፋት አለው። ሌላው ኦአይኤስ የሚባለው ነው፤ እጃችን ሲንቀጠቀጥ የካሜራውን አካል በተቃራኒው አንቀሳቅሶ የሚያካክስ መሣሪያ ነው። ተራው ኖት 13 ይህ የለውም። ማታ ስታነሱ፣ ወይም ከክፍል የኋላ ወንበር ሆናችሁ ሰሌዳውን አቅርባችሁ ስታነሱ ልዩነቱ ይታያል። ብዥ ያለ የሰሌዳ ፎቶ ለፈተና ሳምንት ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ እናውቃለን። እኔ ግን መፍትሔው የፊት ወንበር መቀመጥ መሰለኝ።

ቺፑ ላይ ብዙ አልቆይም። የፕሮው ሄሊዮ ጂ99 በተለይ በጌም ከተራው ስናፕድራጎን 685 ይበልጣል። ፐብጂ የሚጫወት ሰው ይለየዋል። ለሀንድአውት፣ ለቴሌግራም፣ ለቴሌብር፣ ለቁርኣን አፕ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በእጃችሁ ይዛችሁም አትለዩትም። የኛ ዲፓርትመንት ከባድ ሥራ ያለው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ማትላብን በስልክ አስሮጣለሁ ብሎ ፕሮ የገዛ ካለ ይንገረኝ።

ቻርጁ ግን አሳሰበኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለፕሮው የሚቀርበው ከሁሉም የተሻለ ክርክር ይኸኛው ነው፣ ሻጮቹም ብዙ አያነሱትም። ተራው 33 ዋት ነው፣ ፕሮው 67 ዋት። የዶርማችንን ኑሮ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሶኬት ላይ አንድ ኤክስቴንሽን፣ ኤክስቴንሽኑ ላይ ስድስት ሰው፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል። በመጣችው አንድ ሰዓት ውስጥ ማን ይሞላል? እንዲህ አሰላሁት፦ 5000 ሚሊ አምፒር አወር በአማካይ ቮልቴጁ ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። 33 ዋት ሳይቋረጥ ቢገባበት ከ35 ደቂቃ በማይበልጥ ይሞላ ነበር። ግን አይገባበትም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ባትሪው ባዶ ሲሆን ለጥቂት ደቂቃ የሚደርስበት ጫፍ ነው፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ስልኩ ራሱ ይቀንሰዋል፣ ከሙቀትም ይከፈላል። በተግባር ተራው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ፕሮው ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሳል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ግን ይህ ፍጥነት የሚገኘው በራሱ ወይም ከእሱ ጋር በሚስማማ ቻርጀር ብቻ ነው። ቻርጀሩ ጠፍቶ ከጎረቤት ዶርም በተዋሳችሁት የማይስማማ ቻርጀር ስትሰኩ ፕሮውም እንደማንኛውም ስልክ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር መኖሩንም ሳትከፍሉ በፊት አረጋግጡ፤ እንደሚሸጥበት አገር ይለያያል። እኔ ሌሊት ሰክቼ የምተኛ ነኝ፤ ለፈጅር ስነሳ ሁለቱም መቶ በመቶ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን አየሁትና ራሴን «ታዲያ ለምን ፕሮ አልክ?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ ካሜራም ቻርጅም አልነበረም። ላውንጅ ስንቀመጥ ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ይደረደራሉ። አንድ ሰው አንስቶ ያገላብጥና «ፕሮው ነው?» ይላል። «አዎ» ለማለት ነበር። ለዚያች አንድ «አዎ»። ሪያ በሰላትና በሰደቃ ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር አድርገን ስለምንማረው ይመስለኛል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ የማናውቀው። በዚያው ሳምንት ጀመዓችን ለአንድ ታማሚ ወንድማችን ሲያዋጣ እኔ «እጄ አጥሯል» ብዬ ሃምሳ ብር ነበር የሰጠሁት። እጄ አጥሮ ነበር፣ ሐሰት አይደለም። የእህቴ እጅ ግን እንደፈለግኩ የሚረዝም አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልለይ። «ተማሪ ስልክ ምን ያደርግለታል፣ ርካሹን ይግዛ» የሚሉ ወንድሞች አሉን፤ ንግግራቸው የዙህድ ይመስላል። አልስማማም። ሁለት ጊጋ ራም ያለው ስልክ ገዝቶ፣ በስድስት ወሩ ፒዲኤፍ መክፈት አቅቶት፣ ሌላ የሚገዛ ሰው ከእኔ የባሰ አባክኗል። ኢስራፍ ከመጠን ማለፍ ነው፤ ከመጠን ማለፉን ለማወቅ መጀመሪያ መጠኑን ማወቅ ይጠይቃል። መጠኑ ደግሞ የየሰዉ ነው። በጀመዓችን ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የኒካሕ ዝግጅት እየቀረጸ ወጪውን የሚሸፍን ወንድም አለ። ሲያማክረኝ «ፕሮውን ውሰድ» ነው ያልኩት፤ በእጅ ተይዞ ለሚቀረጽ ቪዲዮ ያ የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻ እንጀራው ነው። ከካምፓስ ውጭ ተከራይታ የምትኖር፣ ከጠዋት እስከ መግሪብ ሶኬት የማታገኝ አንዲት እህትም አለች፤ ለእሷም ፈጣኑ ቻርጅ ትርጉም አለው። ሁለቱም ምክንያታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። እኔ አልቻልኩም ነበር።

ፕሮ ከሚለው ቃል በላይ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር ስቶሬጅና ራም ነው። ተራው ኖት 13 ስድስት በ128ም አለ፣ ስምንት በ256ም አለ። ለአራትና ለአምስት ዓመት ትምህርት የሚሆን ስልክ ለሚፈልግ ሰው፣ ስምንት በ256 የሆነው ተራ ስልክ ስቶሬጁ ካነሰ ፕሮ ይልቅ ብዙ ያገለግለዋል። ስልክ በአብዛኛው የሚያስጠላን ካሜራው አርጅቶ ሳይሆን «ቦታ የለም» እያለ ሲያስቸግረን ነው። ሱቅ ላይ «ራሙ 16 ነው» ሲሏችሁም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። «ስንቱ የራሱ ነው?» በሉ። ስምንቱ እውነተኛ ራም ሆኖ ሌላው ስምንት ከስቶሬጁ ላይ የተበደረ ሊሆን ይችላል፤ ብድሩም ከእውነተኛው ራም ፍጥነት ጋር አይገናኝም። ለ5ጂ ተብሎ ጭማሪ ከመክፈልም በፊት በምትማሩበት ከተማ 5ጂ መኖር አለመኖሩን እዩ። ከዚያ ከመግዛታችሁ በፊት ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለውን የስልክ ጥገና ሱቅ ጎራ በሉና «የዚህ ስክሪን ቢሰበር ይገኛል? ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አሞሌድ ስክሪን ውድ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ጠጋኙ ሳቀና «የሚገዛ ሰው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፣ የሚጠይቀኝ የሰበረ ነው» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለእህቴ ደወልኩላት። የተሳሳተ ነገር እንደነገርኳት፣ ተራው ስምንት በ256 እንደሚበቃኝ፣ ልዩነቱ ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ስለ ዘጠኙና ስለ አሥራ ስድስቱ ፒክሰል ስነግራት ሳቀች፤ «ይህን ሁሉ ለእኔ ብለህ ነው ያነበብከው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዲያው በቀረው የኔን ስክሪን አስቀይራለሁ» አለች።

የእሷ ስክሪን ከተሰነጠቀ ስምንት ወር ሆኖታል። በኢሞ ስንነጋገር ዓይኗን ጨፍና፣ ስልኩን እያራቀችና እያቀረበች ስትፈልገኝ እኔ ኔትወርክ ነበር የሚመስለኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «አልጠየቅከኝማ» አለች።

ስልኬ ባለፈው ወር ደርሶኛል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት በእሱ ነው። እሷም ስክሪኑን አስቀይራለች። ካሜራዋ ግን አሁንም ብዥ ይላል፤ እሱን ደግሞ ምን እንደሆነ እያየሁላት ነው።